እትዬ ሉጥፊያና የሱኑት ጫካ ወፎች

ጁምዓ ጠዋት ነጭ ዓባይ ዳር፣ ሱኑት ጫካ ውስጥ፣ በስደት የምንኖርበትን የካላክላ ሰፈር ጎረቤታችንን እትዬ ሉጥፊያን ድንገት አገኘኋቸው። ፋስ ይዘዋል። እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ባቋርጥም ምላሴ አላቋረጠም።

«ሰላም ዐለይኩም እትዬ! ዛፍ ሊጠይቁ መጡ?»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ሬሕማ ባለጌዋ! ቡሪ ሰፈር ሙሽራ አለች፤ የዱኻን እንጨት ለማታ አድርሺ ተብያለሁ።»

ዱኻን ማለት እኛ ወሎዎች ወይባ እንደምንሞቀው ያለ ጢስ ነው። እንጨቱ ታልህ ይባላል፤ ታልህ ግን ከሩቅ ስለሚመጣ ይወደዳል።

«ይሄ ዛፍ እኮ ሱኑት እንጂ ታልህ አይደለም!»

«ሙሽራ ጢሱን ትሞቃለች እንጂ የእንጨቱን ዘር አትጠይቅም።»

ብለው ውሃ ውስጥ የቆመውን ትልቁን ዛፍ አንዴ መቱት። መጀመሪያ ዛፉ ራሱ የበረረ መሰለኝ። ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ክንፍ ሰማዩን ሸፈነው፤ ነፋሱ የእትዬን ሻሽ ገለጠው።

«ሱብሓነላህ! ከየት መጡ?» አሉ እትዬ።

«በረዶ ካለበት አገር። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት!»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «ፖሊስ እኛን ብቻ ነዋ የሚያፍሰን! ግን ልጄ፣ እኔ በምን ልደር? ወፍ እያየሁ?»

«አዎ፣ እያዩ! ባለ ጀልባው ጂብሪል በየጁምዓው ሰው የሚያመጣው ጉቶ ሊያሳይ ነው? ፀሐይ ሲበረታ ሁሉም ሻይ ይላል፤ የሚያፈላላቸው የለም፤ እርስዎ ያፍሉላቸዋ።»

«አንድ ዛፍ ቢጎድል ምን አለበት?»

«ሁሉም 'አንድ' ይላል። በረሃው እኮ እዚያ ማዶ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።»

«ለሙሽራዋ የሰጠሁትን ቃልስ ልብላ?»

«ታልህ ገዝተው ይውሰዱላት። ዛሬ ትርፍ አያገኙበትም፤ አልዋሽዎትም።»

ወፎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዷ ከራሳችን በላይ አርፋ ላባዋን ማበጠር ጀመረች። እትዬ ቁስል እንደሚይዝ ሰው የመቱትን ቦታ በመዳፋቸው ሸፈኑት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለሙሽራዋ እናት በዐረብኛ፣ «ጥሩውን ታልህ ነው የማመጣልሽ፤ ትንሽ ታገሺኝ» አሉ።

እንግዲህ የምታነቡኝ ሁሉ ልብ በሉ፤ ዛፍ ከቆመ ወፍ ያርፋል፤ ወፍ ካረፈ ጎብኚ ይመጣል፤ ጎብኚ ከመጣ ጀልባም ሻይም ይሠራል፣ ከርሞም እንደዚሁ። የተቆረጠ ዛፍ ግን አንዲት ሙሽራን አንድ ማታ አጥኖ ያልቃል።

የጂብሪል ሞተር ከሩቅ ሲያጓራ እትዬ ወደ ዳሩ ሮጡ። ቀሚሳቸው ውሃ ነክቷል፤ ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ነው።

«ያላ፣ ጂብሪል፣ አጥፋው! ገና አሁን ማረፋቸው ነው!»