ሦስተኛው ስም

ጣቴ ሰባተኛው ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና የተጠሩት ልጆች ስም ተለጥፏል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄን ከድርን ራስህ እይ ብዬ እንዳልልከው እዚያው ይዘው ያስቀሩብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሰው እንዳላስነብብ ስሙን ከአፌ ማውጣት ከበደኝ። ስለዚህ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዤ ሄድኩና፣ አሰላ ገበያ በሬ እንደምለየው፣ ቅርጽ ከቅርጽ አስተያየሁ። ጎባጣው ከጎባጣው፣ ባለሁለት እግሩ ከባለሁለት እግሩ እየገጠመ ሄደ። የእሱ ስም ገጠመ፤ ከኋላው የእኔም ስም ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ማየት አልቻልኩም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

የቀበሌው ጸሐፊ ከቢሮው ወጥቶ «ምን ሆኑ፣ አባባ ሁሴን?» አለኝ።

«ልጄን ወሰዳችሁት» አልኩት።

ካርዱን ከእጄ ተቀብሎ ከግድግዳው ጋር አስተያየው። «ይሄ የተለጠፈው እኮ ከድር ሁሴን ቡልቶ ነው፤ የጋሪ ነጂው ልጅ። የእርስዎ ከድር ሁሴን በሪሶ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ወዲያው ያኛው ሁሴን ትዝ አለኝና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ሆኖም ከግድግዳው ተላቅቄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ጸሐፊው ካርዱን መልሶ እጄ ላይ እያስቀመጠ እንዲህ አለኝ፦ «የከብት ጠብ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠራው እርስዎን ነው። ለመሆኑ የጠፋ በሬ ሲገኝ፣ ቀንዱንና ቀለሙን ብቻ አይተው፣ የጆሮውን ምልክት ሳያዩ ይፈርዳሉ?»