የመስታወቱ ሞራ

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ከጎረቤቴ ደጃፍ ስደርስ እግሬ ቆመ። ሰውየው በሰፈራችን "ጋሽ ቀስበቀስ" የሚባሉት አንጋፋ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነዱ ዶሮ እንኳ ገጭተው አያውቁም። እኔ በእኚህ ሰው እኮራለሁ፤ ቤቴ የመጣ እንግዳ በሌላ ሰው መኪና ሲመለስ ካየሁ አኮርፋለሁ። ያን ዕለት ግን መኪናቸውን አጥበው፣ ቁልፉን በእጃቸው ጨብጠው፣ ደረጃው ላይ ኩርምት ብለዋል።

"ጋሼ፣ ምነው? ደህና አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው።

"ደህና ነኝ። ከሰዓት በኋላ የሚገዛት ሰው ይመጣል።"

"ማንን?"

"መኪናዋን ነዋ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ወንድሜ። አመሻሽ ላይ ከፊት የሚመጣው መብራት እንደ ተነደፈ ጥጥ ተበትኖ ነው የሚታየኝ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆንማ ጭራሽ ጉም ነው። ሰው ገድዬ ከምቀመጥ ሳልገድል ልቀመጥ ብዬ ነው።"

ድምፃቸው ተሰበረ። ለሌላው ሰው መኪና መሸጥ ተራ ጉዳይ ነው፤ ለእሳቸው ግን ሾፌር መባል የሚያበቃበት ቀን ነበር።

ለካስ የእህታቸው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። ይህች ልጅ ኬሚስትሪ ተምራ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

"ጋሼ፣ ሐኪም አይቶዎታል?" አለች።

"ሐኪም ምን ይፈይድልኛል? የገዛ ዓይኔን እኔ አላውቀውም?"

"እንግዲያው ከተቀመጡበት ሆነው የዚያን መድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ያንብቡልኝ።"

መድኃኒት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። እሳቸው ግን ከላይኛው ትልቅ ፊደል እስከ ታችኛው ደቃቅ ጽሑፍ ድረስ ሳይደናቀፉ አወረዱት።

"አሁን ደግሞ መኪናው ውስጥ ገብተው ያንብቡት።"

ገቡ። ፀሐይዋ የፊት መስታወቱ ላይ አርፋበታለች። አንገታቸውን ወዲህም ወዲያም አሉ፣ ዓይናቸውን አጠበቡ።

"ምን ይላል፣ ጋሼ?"

"ምንም አይልም። ጉም ነው።"

"ከደረጃው ተነስተው ወንበሩ ላይ እስኪቀመጡ ዓይንዎ ሞራ አወጣ ማለት ነው? ሞራው የመስታወቱ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም።"

ሽማግሌው ተቆጡ። "አንቺ ልጅ፣ እኔን በመስታወት አትምጪብኝ። በየቀኑ ነው የማጥበው። ጨርቅ አስነክቼው አላውቅም። መንዳት ያስተማረኝ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 'መስታወትን የሚጭረው ጨርቅ ነው፤ ውሃ ድፋበትና ፀሐይ ታድርቀው' ብሎኛል።"

"እሳቸው በምን ውሃ ነበር የሚያጥቡት?"

"በዝናብ ውሃ። ትልቅ በርሜል ነበረው።"

"እርስዎስ?"

"በዚህ በግቢያችን ጉድጓድ ውሃ።"

"አዩ፣ የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ መሃል አልፎ ስለሚመጣ ኖራ አለው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁት የለ? ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ኖራውን ትታልዎት ትሄዳለች። በየቀኑ አጠብኩ እያሉ በየቀኑ ሲቀቡት ነው የኖሩት።"

አንባቢዬ እዚህ ላይ እንዳይስቅ። ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ መስታወቱ ይህን ያህል ባልታመመ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከጥንቃቄያቸው ነው፤ የተነገራቸውን ሳይመረምሩ በታማኝነት ጠበቁ። ስንቶቻችን ነን እንዲህ በትጋት የምንሳሳት።

"እሺ፣ በሽቦ ልፈግፍገው?" አሉ፣ ትንሽ ለዘብ ብለው።

"ኧረ በፍጹም። የሽቦ ጭረት አይለቅም። ኖራን የሚያሟሟው ኮምጣጣ ነገር ነው። አቼቶ ላምጣ።"

"የሰላጣውን አቼቶ? መኪናዬን ሰላጣ ልታደርጊያት ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ገላመጡኝ።

መኪናዋን ገፍተን ጥላ ውስጥ አስገባናት። መስታወቱ እስኪበርድ ጠበቅን። ልጅቷ አቼቶውን በውሃ አቅጥና ንጹሕ ጨርቅ ነከረችና አንዱ ጥግ ላይ ለጠፈችው፤ ቀለሙን እንዳይነካ ከሥር ሌላ ጨርቅ አነጠፈች። ኖራው እስኪርስ ቆይታ በስሱ አሸችው፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀችው፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው። ጨርቁ መስታወቱን ሲነካ እሳቸው ጥርሳቸው እንደታመመ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ካልወደዱት እተወዋለሁ" አለች።

ጎንበስ ብለው በዚያች ጥግ አሻግረው አዩ። ጨርቁን ከእጇ ወሰዱና የቀረውን ራሳቸው ጨረሱት። ውስጡን ደግሞ በሳሙና ውሃ አጠቡት፤ የወጣው ቆሻሻ አሳፈራቸው።

ከዚያ ገብተው ማስታወቂያውን ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው እየጎላ ሄዶ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ምን መጣ ብሎ ብቅ አለ። ሲያነቡ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ደስታ ነው፣ አልደበቁትም።

"ዓይንዎን ግን ነገ ሐኪም ይየው" አለች ልጅቷ። "እኔ የመረመርኩት መስታወቱን ነው።"

"እሄዳለሁ፣ ልጄ። ከእንግዲህ በግምት አልነዳም።"

ሊገዛ የመጣውን ሰው በትሕትና ሸኙት። አመሻሽ ላይ ሦስታችንም በመኪናዋ ወጣን። የሚያቋርጠው ሕፃን ከሩቅ ይታያል፣ ከፊት የሚመጣው መብራት አይበተንም፣ ሾፌሩም አያፈጥም፣ አይደክምም። ትንሽ እውቀትና ለስላሳ ጨርቅ ይህን ሁሉ ያደርጋሉ። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ሳልለፍፍ አልተኛም ብዬ ነበር፤ ሽማግሌው ቀደሙኝ።

የታክሲው መቆሚያ ደርሰው መኪናቸውን አቆሙና ሾፌሮቹን ጠሩ። ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ከበቡን። እሳቸው ወረዱ፣ ለልጅቷ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት፣ ከፊታቸው አቆሟት።

"የእህቴ ልጅ ናት" አሉ። "ዛሬ ያስተማረችኝን ለእናንተም ታስተምራችሁ። እኔ ጨርቁን እይዝላታለሁ።"