የድፍኗ ቅያስ አዲስ በር

ገላን በሙቅ ውሃ ታጥበው ሲያበቁ፣ ከሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሰው ክርክር እንደ መስማት ያለ ደስታ የለም። በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት ነውር መሆኑን ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ዘንድሮ ግን የሰፈሩ ሹመት በተራ ስለደረሰኝ ጥልቅ ማለት ሥራዬ ሆኗል።

የዚያን ዕለት አባባ ጊሳቡሮ ቀድመውኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ወተት ይጠጡ ነበር። በኪዮቶ የሽመና ሰፈር ስመ ጥር የመቀነት ሸማኔ የነበሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እኛው ቅያስ ውስጥ የወረሱትን አሮጌ የእንጨት ቤት ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስለ መኸሩ አየር ገና ማውራት ስንጀምር የልጅ ልጃቸው ቺጉሳ በብስክሌት እየከነፈች መጥታ ፊታችን ቆመች። ቺጉሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንጻ ሥራ የምትማር፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ለእኔ እጅ ነሣችና ወደ አያቷ ዞረች።

«አያቴ፣ ቤትዎ እንግዳ አሳድረዋል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ያለ የለም። ጎረቤትዎ እመት ኩማዮ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ ‹ቅያሳችን እንዴት ደምቋል! የሻንጣው ጎማ ድምፅ እንደ ሙዚቃ ነው› አሉኝ።»

ሁለታችንም አቀረቀርን። በእኛ ከተማ ሰው ረበሽከኝ አይልም፤ ያመሰግናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባ ጊሳቡሮ ጣሪያ ያፈሳል። ኦሳካ የሚኖረው ልጃቸው፣ የቺጉሳ አባት ታዳኖሪ፣ ቤቱ ራሱን ካልቻለ ለአዲስ ዓመት መኪና ይዤ መጥቼ ወደ እኔ ፎቅ እወስድዎታለሁ ብሏቸዋል። ሽማግሌው ያንን ፎቅ አንድ ጊዜ አይተውት ርግብ እንኳ አይደርስበትም ብለው ተመልሰዋል። ስለዚህ የሽመናውን ክፍል ጠርገው፣ ፍራሽ አንጥፈው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ መንገደኛ ማሳደር ጀመሩ። የሚያሳዝነው ዘዴው ጥሩ መሆኑ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው።

«ያለ ፈቃድ አይሆንም አያቴ» አለች ቺጉሳ።

«ቤቱን የሠራው የአያቴ አባት ነው። ማን ይደርበት ማን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አገባው? ጣሪያው ሲያፈስ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡልኝ?»

«አልመጡም። ግን ያለ ፈቃድ ሲያሳድሩ ቢደረስብዎ ያዘጉታል። ያኔ አባቴ መኪናውን ለማስነሳት ሰበብ አያጣም።»

«ድሮም ሰው ስናሳድር ነው የኖርነው። የሐር ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። ማንን አስፈቀድን?»

«ነጋዴዎቹ ቅያሱን ያውቁት ነበር። ደረጃው ጨለማ መሆኑን፣ በሩ ወዴት እንደሚንሸራተት ያውቁ ነበር። የዛሬው እንግዳ ከባሕር ማዶ መጥቶ አንድ ሌሊት ነው የሚያድር። ጭስ ቢነሣ ወዴት ይሩጥ?»

«እኔ እቀሰቅሰዋለኋ።»

«እርስዎንስ ማን ይቀሰቅስዎታል? የጆሮ መስሚያዎን ካወለቁ ነጎድጓድ አይሰሙም።»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። አባባ ጊሳቡሮ ግን ስቄ እንደሆነ ገብቷቸው ገላመጡኝ። ልጅቱ አያቷ ሲያኮርፉ ይበልጥ የምትለሰልስበት ብልሃት አላትና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አያቴ፣ ደጃፍዎ ያለው ቀይ ባልዲ ለምንድነው?»

«ለእሳት ነዋ። የማንም ደጅ አለ።»

«ውሃውን ጠዋት ጠዋት የሚለውጡት ለማን ቤት ብለው ነው?»

«እሳቱ ለተነሣበት ቤት። እሳት የማንን በር እንደሚያንኳኳ ይታወቃል እንዴ?»

«ታዲያ፣ ቤቴ የራሴ ነው፣ ምን አገባችሁ ብለው ባልዲውን ያንሡታ።»

«ነውር ነው እንጂ! ግድግዳችን አንድ ላይ የተያያዘ ነው፤ ቅያሱ ሙሉ እንጨት ነው።»

«ፈቃዱም እኮ ሌላ ነገር አይደለም። የጭስ ማስጠንቀቂያ ይሰቀላል፣ መውጫ ይዘጋጃል፣ ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገራል፣ ሌሊት እንኳ የሚጠራ ሰው ስልኩ በር ላይ ይለጠፋል። እርስዎ በባልዲው የሚያደርጉትን ነው ማዘጋጃ ቤቱ በወረቀት የጻፈው።»

ሽማግሌው የቀረችውን ወተት ጨለጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «መምህር፣ ይህችን ልጅ እንዲህ አድርገው ያሳደጉብኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። እኔ ፊደል ብቻ ነው ያስቆጠርኳት፤ ክርክሩን ከእርስዎው ነው የወረሰችው አልኳቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውንም ተረት ጨመርኩበት። አንድ ነገር ሲገባቸው ድምፃቸው እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ «እሺ፣ ይምጡና ይዩት» ያሉት ቀስ ብለው ነበር።

መጡ። ከማዘጋጃ ቤትና ከእሳት አደጋ አንድ አንድ ሰው፣ ሁለቱም ትሑቶች፣ ጫማቸውን ሲያወልቁ እንኳ ይቅርታ የሚሉ። ደረጃው መብራት ይኑረው አሉ፤ አባባ ጊሳቡሮ እሺ። የጭስ ማስጠንቀቂያው እዚህና እዚያ ይሰቀል፤ እሺ። ከዚያ ወደ ቅያሱ ጫፍ ሄደው ቅያሱን የዘጋውን ድፍን ግንብ አዩና በጣም አዘኑ። በቅያሱ አፍ በኩል እሳት ቢነሣ እንግዳው ብቻ ሳይሆን የቅያሱ ሰው ሁሉ መውጫ የለውም፣ ሁለተኛ መውጫ ያስፈልጋል አሉ። እዚያ ዕድሜዬን የኖርኩት ሰውዬ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ።

መውጫ ሊሆን የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከግንቡ ወዲያ ያለው፣ በቅያሱ መጨረሻ የሚኖሩት የእመት ኩማዮ ቤት ጓሮ ነው፤ ጓሮው ወደ ኋለኛው መንገድ ያወጣል። ግንቡ ቢሸነቆርና በር ቢገባበት ነገሩ አለቀ። አባባ ጊሳቡሮ ይህን ሲሰሙ ሰዎቹን በክብር ሸኙና ወደ እኔ ዞረው «በቃ፣ ኦሳካ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ የመጥረጊያውን ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ ሰው ጠዋት ደጁን ሲጠርግ የጎረቤቱንም ትንሽ፣ አንድ ክንድ ያህል፣ ይጨምርለታል። ጨርሶ አለመጨመር ቅዝቃዜ ነው፤ አብዝቶ መጨመር ደግሞ ‹አንተ ሰነፍ› እንደ ማለት ነው። ከዓመታት በፊት የአባባ ጊሳቡሮ የቅርብ ጎረቤት እመት ኩማዮ፣ ጨርቅ በቀለም የሚነክሩት፣ ታመው ተኙ። ሽማግሌው አዘኑላቸውና ደጃቸውን ሙሉ ጠረጉላቸው። እመት ኩማዮ ሲነሡ በተራቸው የአባባ ጊሳቡሮን ደጅ ሙሉ ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በድንበራቸው ላይ፣ በክር እንደተለካ፣ ቅጠል ከዚህ ወደዚያ ሳያሳልፉ ይጠርጋሉ። እጅ ይነሣሣሉ፣ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ልጆችን ለሚጠብቀው የቅያሳችን የጂዞ ሐውልት ሁለቱም አበባ ያኖራሉ፤ ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ማለት ይኸው ነው።

«እመት ኩማዮን አይጠይቋቸውም?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ብጠይቃቸው ‹እንዴት ያለ መልካም አሳብ ነው› ይሉኛል፤ እምቢ ማለታቸው ነው። ከዚያ እኔ እዚያው እሞታለሁ።»

ሆኖም ሕጉ አላስመለጣቸውም። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያሰበውን ማስረዳት፣ ጥያቄያቸውን መቀበል ግዴታው ነው። ስብሰባውን እኔ ቤት ጠራሁት። አባባ ጊሳቡሮ ልጃቸውን ሲድሩ የለበሱትን ልብስ ለብሰው መጡ። ቺጉሳ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ቆሻሻው፣ የሻንጣ ጎማ በድንጋዩ ላይ እንዳይጎተት ስለሚደረገው ሁሉ በጥሩ አንደበት አስረዳች። ሰው ሁሉ ጠየቀ፣ ተመለሰለት። በመጨረሻ የበሩ ነገር ተነሣ።

እመት ኩማዮ ሻያቸውን አስቀመጡ። «እንዴት ያለ መልካም አሳብ ነው» አሉ። «እኔ የማላውቅ አሮጊት ነኝ እንጂ፣ ለቅያሱ በጣም ያምርበታል።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። አባባ ጊሳቡሮ እጃቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው ሊነሡ ተሰናዱ። ያኔ ቺጉሳ፣ ብዕሯን እንደያዘች፣ በፍጹም ትሕትና እንዲህ አለች።

«እመት ኩማዮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚቀበለው ግልጽ መልስ ነው። እሺ ብለዋል ልበል ወይስ እምቢ?»

ይህ ቅያስ ከተቆረቆረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆበት የሚያውቅ አይመስለኝም። እመት ኩማዮ ልጅቱን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

«የጠየቀኝ ሰው እኮ የለም» አሉ። «አቶ ጊሳቡሮ፣ ያን ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ደጄን ሲጠርጉልኝ፣ ‹ደጇን መጠበቅ አቃታት› ያሉኝ መሰለኝ። አፈርኩ።»

«እኔ አዝኜ ነበር የጠረግሁት» አሉ አባባ ጊሳቡሮ። «እርስዎ ደግሞ የኔን ሲጠርጉ ሰደቡኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

«ብድር መመለሴ ነበር እንጂ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አልነገሩኝ።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች የቀረባቸው ከዚያ የሚበልጥ ነው፤ ጎረቤት ቀርቶባቸው ነበር።

እመት ኩማዮ ዓይናቸውን አበሱና ወደ ቺጉሳ ዞሩ። «እሺ ብላለች በይ። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ወገቤ መታጠፍ እምቢ ብሎኛል፤ ቅጠሉ ደግሞ በዝቷል። አቶ ጊሳቡሮ እስከ በራፌ ድረስ ይጥረጉልኝ።»

ሽማግሌው ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ድረስ አጎነበሱ። «ከነገ ጀምሮ» አሉ።

«ምነው፣ ዛሬ ቅጠል አልወደቀም?»

ግንቡ ተሸነቆረ፣ በሩም ገባ። ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ሕፃን ልጅ የሚገፋው በር ነው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን የእሳት ልምምድ ስናደርግ ልጆቹ በቅያሱ አፍ ገብተው በእመት ኩማዮ ጓሮ እየወጡ ዞረው እየተመለሱ፣ በቃ ብንላቸው አልሰማ አሉን። ፈቃዱም መጣ፤ ምልክቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። እንግዳው መጣ፣ ጣሪያው ተጠገነ፣ የቅያሱ ሰው ሁሉ መውጫ አገኘ፣ እመት ኩማዮም ማታ ማታ የሚያጫውታቸው አገኙ። ይህ ሁሉ ጥቅም የተገኘው አንድ ግትር ሽማግሌ አስፈቅድ ስለተባለ ነው። ሕግ ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል አልልም፤ እኔም ሹመቱን ከተረከብኩ ወዲህ ስንት ወረቀት አይቻለሁ። ግን ሰውን ከሰው የሚያነጋግር ሕግ ሲመጣ አለመቀበል ሞኝነት ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አባባ ጊሳቡሮ ራሳቸው አሁን መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ያገኙትን ሁሉ «ፈቃድ አለህ?» እያሉ አላስቀምጥ ብለዋል።

ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ታዳኖሪ ከኦሳካ መኪናውን ይዞ መጣ። አባቱን ሊወስድ ነበር። እኔ፣ ቺጉሳና እመት ኩማዮ ደጃፍ ቆመን እንሰማለን። ቤቱ ሞቋል፣ መብራቱ በርቷል፣ ከሽመናው ክፍል የእንግዶች ሳቅ ይሰማል። ታዳኖሪ የተጠገነውን ጣሪያ ቀና ብሎ አየና ዛሬ እዚሁ አድራለሁ አለ።

«አይሆንም» አሉ አባቱ።

«እንዴት አይሆንም?»

«ፈቃዱ ለአራት እንግዳ ነው። አራቱም ሞልቷል።»

ቺጉሳ ቤተሰብ እንደማይቆጠር ለማስረዳት ሞከረች። ሽማግሌው ሕግ ሕግ ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ እመት ኩማዮ የታዳኖሪን ሻንጣ አንሥተው፣ በአዲሱ በር አሳልፈው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚበላውን የኑድል ሾርባ ትኩስ ትኩሱን አቀረቡለት። ኦሳካ የሚባል ቃል በዚያ ሌሊት አልተነሣም፤ ከዚያም ወዲህ አልተነሣም።

በማግስቱ ማለዳ የመጥረጊያ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። የሚጠርገው ታዳኖሪ ነው። የአባቱን ደጅ ጨርሶ፣ የእመት ኩማዮን ጨርሶ፣ መጥረጊያውን እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆሟል።

«መምህር፣ እስከ የት ነው የሚጠረገው?» አለኝ።

«እስኪደክምህ ድረስ» አልኩት፤ ወደ እኔ ደጅ አመለከትኩና ገብቼ ተኛሁ።