የአምባዛው አፍ

ከመተማ ወደ ገንዳ ውሃ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ጭኑ ላይ ያስተኛውን አምባዛ ዓሣ አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ያሳያል።

«በመንጠቆ ጎትቼ ሳወጣው፣ እናቴ፣ ጓንግ ወንዝ አንድ ክንድ ጎደለ!»

«ለማን ልትወስደው ነው?»

«ለአማቴ። ‹ዓሣ እንኳ ማጥመድ የማይችል ሰነፍ› እያሉ ለሚስቴ ያሙኛል። ዛሬ አፋቸውን አስይዛለሁ!»

«እሳቸው ያጠምዳሉ?»

«ሽበት ያወጡት ወንዝ ዳር ነው።»

«እንግዲያ መጀመሪያ የሚያዩት አፉን ነው። የመንጠቆው ቀዳዳ የታለ? ይሄ በመረብ ተይዞ ከገበያ የተገዛ ነው፣ ልጄ።»

«ወይኔ! ምን ይሻለኛል?»

«እንካ መርፌ ቁልፍ፤ ከንፈሩን ብሳው።»

«ኑሩልኝ፣ እናቴ!»

«ሰፋ አድርገው እንጂ! ጉትቻ ልታደርግለት ነው እንዴ?»

መርፌ ቁልፉ እኔ ጋ እስኪደርስ፣ እግሬ ስር ፌስታል ውስጥ ያለውን አምባዛዬን አፉን በእጄ ሸፈንሁት።