ሶኬቱና የሼህ ሙሚን መንዙማ

ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈራችን፣ ዳቦ ቤቱ ጥላ ሥር ሒክማን አገኘኋት። ባትሪ የሌለው ትልቅ ኮምፒውተር አቅፋለች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ የተማረችው ፕሮግራም መጻፍ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ሼህ ሙሚን ጋ። መንዙማውን ደግመው እንዲሉልኝ ልለምናቸው።»

ተከተልኳት። ሙሚን ጎረቤቴ ነው፤ መንዙማ ያውቃል። ቅዳሜ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይኖረው ሐኪሙ ነግሮታል። ባለፈው ሳምንት ሒክማ በወንድሙ ሱቅ ኮምፒውተር፣ ራሷ በሠራችው ፕሮግራም ቀርጻው ነበር። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ሙሚን በር ላይ ታላቅ ወንድሙ ሐጂ አብዱልፈታሕ ቆሟል።

«የሱቄ ኮምፒውተር ‹ተቀምጧል› ብሎ ጽፎ ነበር። በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ዋሸኝ።»

«አልዋሸም፣ ሐጂ። ተቀበልኩ ማለቱ ነበር። የያዘው ግን፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ነው። ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ ‹ተቀምጧል› እንዳይል ማዘዝ የኔ ፋንታ ነበር።»

«ታዲያ እዘዢዋ።»

«አዘዝኩ። ግን ትእዛዙ በየማሽኑ ይለያያል። የእርስዎ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ ይሄኛው በሊኑክስ፣ ትእዛዙ ሌላ ስም አለው። ማክ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የተለመደው ትእዛዝ ድምፁን ዲስኩ በር ድረስ ብቻ ያደርሰዋል። ዲስኩም መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ የራሱ ማቆያ ስላለው፣ እስከ ውስጥ እንዲያስገባ ለብቻው ይታዘዛል።»

እኔ ግራ ገባኝ። አንድ ቃል ነው፤ በየቦታው ሌላ ነገር ይላል። ሒክማ ወደ አብዱልፈታሕ ዞረች።

«ሐጂ፣ ዕቃዎ ወደብ ሲደርስ ለድሬዳዋ ደንበኛዎ ‹መጋዘኔ ገብቷል› ይሉታል?»

«ምን፣ አብጃለሁ? ገብቶ በሩን ሳልቆልፍ አልልም።»

«ፕሮግራሜም አሁን እንደዚያው ነው።»

«ማሞካሸቱን ተይኝ። ለወንድሜ የቀረችው ድምፅ ትንሽ ናት። በከንቱ አላስጨርሰውም።»

«እንግዲያው በእርስዎ ድምፅ እንሞክረው።»

ሒክማ ማሽኑን ከበሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ሰክታ አበራችው። አብዱልፈታሕ ማይኩ ላይ ጎንበስ ብሎ «አላምንሽም» አለ።

«ምን ያንቀረፍፈዋል?» አለ ደግሞ።

«እስኪገባ እየጠበቀ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ‹ተቀምጧል› የሚለው ወጣ።

«አሁን ሶኬቱን ይንቀሉት። እርስዎ ራስዎ።»

ነቀለው። መልሳ ስታበራው ማሽኑ በአብዱልፈታሕ ድምፅ «አላምንሽም» አለ። ሙሚን ከውስጥ ሲስቅ ሰማነው። አብዱልፈታሕ ደጋግሞ ነቀለ። ደጋግሞ ራሱን ሰማ። በመጨረሻ ወደ ውስጥ አስገባን፤ ትራስም አምጥቶ ከወንድሙ ጀርባ አደረገ።

ትእዛዞቹን እኔ አሁንም አልለያቸውም። ይህን ግን ያዝኩ፦ ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች፣ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ ደርሷል አትበሉን። ጥቂት ብታስጠብቁን እንታገሣለን። መብራት ቢጠፋ ሥራችን አይጠፋም፤ ቃላችሁንም እናምናለን።

ሙሚን መንዙማውን አለ። ድምፁ ከባለፈው ይልቅ ሻክሯል፤ አጠርም አድርጎታል። ‹ተቀምጧል› የሚለው ቃል ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሒክማ እጇን ወደ ሶኬቱ ሰደደች።

«ተይው፤ ገብቷል» አላት አብዱልፈታሕ።

የቀረጸችውን ከፈተችው። ሙሚን ራሱን እያዳመጠ፣ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ ይከተል ጀመር።