የሐጂ የዒድ ሰላምታ

የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ አዳማ ውስጥ ሽንኩርት የሚነግዱ አንድ ሐጂ ቢሯቸው ጠሩኝ። "ጅቡቲ ላለው ገዢ የጭነቱን ሰነድ በኢሜይል ብልከውም ይመለስብኛል። ዓለም ጤና ከተማ የተጫነው ሽንኩርት መኪና ላይ ሊበሰብስ ነው!" አሉኝ። ሳጣራ የቢሮው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ፣ ያልተፈለገ መልእክት የሚያዘንቡ ሰዎች በሚመዘገቡበት ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

"ሐጂ፣ ሰሞኑን ለብዙ ሰው የላኩት ነገር አለ?"

"ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ ብያለሁ።"

"ለማን ለማን?"

"አድራሻውን ላገኘሁት ሁሉ ነዋ! ሰላምታ በምርጫ ነው እንዴ?"

ከመዝገቡ ለመውጣት ጥፋትን ማመንና እንደማይደገም ቃል መግባት ያስፈልጋል። ሐጂ ቅር እያላቸው ቃል ገቡ፤ እኔም ማመልከቻውን ላክሁ። ከሰዓት በኋላ አድራሻው ከመዝገቡ ተሰረዘ፣ ሰነዱም ደረሰ፣ መኪናውም ተንቀሳቀሰ።

"ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኑኝ ሐጂ ፊታቸው በርቶ። "በል አሁን የመዝገቡን ሰዎች አድራሻ ስጠኝ፤ ለአረፋ እንዳልረሳቸው።"