የመርዕድ ትንፋሽ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ፤ በአንድ ባንድ ያረጁ ሁለት ሳክስፎን ነፊዎች።

መርዕድ፦ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የምልህ! እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ፣ አንተ ከዚህ ሆነህ ትነፋለህ።

ዘርጋው፦ የምትሸለምበትን ሸክላ ለምን አታስከፍትም?

መርዕድ፦ ይንኮሻኮሻላ! ሰው ይነቃል።

ዘርጋው፦ ስሜስ?

መርዕድ፦ ደግሞ የስም ነገር አመጣህ?

ዘርጋው፦ ሸክላው ላይ የነፋሁት እኔ ነኝ። አንተ ሰክረህ ከስቱዲዮው ደረጃ ሥር ተጋድመህ ነበር። ሽልማቱን ስትቀበል «የነፋው ዘርጋው ነው» በል። ሌላ ምን ጠየቅሁህ?

መርዕድ፦ ሃምሳ ዓመት ዝም ብለህ ዛሬ?

ዘርጋው፦ የልጅ ልጄ ትናንት ያንኑ ዜማ ከስልኳ አሰማችኝ። «አያቴ፣ እንደዚህ ሰውዬ ብትነፋ ኖሮ ታዋቂ ትሆን ነበር» አለችኝ።

መርዕድ፦ ሃ ሃ! ልጅ አይዋሽም።

ዘርጋው፦ ትስቃለህ?

መርዕድ፦ ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት አሉ። ጠዋት የሰልፍ ማርሽ፣ ከሰዓት ሠርግ፣ ማታ ጃዝ። ቦሌሮ ሲሉህ ቦሌሮ፣ ትዝታ ሲሉህ ትዝታ። ማን ይሙት፣ የራስህ ድምፅ የቱ ነው?

ዘርጋው፦ የታመመ ሲኖር በእሱ ቃና ነፍቼ ክፍተቱን ሸፈንኩ። ሙያዬ ነው።

መርዕድ፦ እኮ! ስኮርታ ጎማ ነበርክ። ስኮርታን ማን አመስግኖ ያውቃል?

ዘርጋው፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

መርዕድ፦ እኔስ አረስኩበት። አንተ ደጃፍ ቢቀር ይነቅዝ ነበር።

ዘርጋው፦ እንግዲያው ራስህ ንፋዋ።

መርዕድ፦ ሳንባዬን እያወቅህ?

ዘርጋው፦ እስቲ ትንሽ አሰማኝ።

መርዕድ፦ ልትስቅብኝ?

ዘርጋው፦ ቃናህን ልይዝ። ሳልሰማ ማንን ነፍቼ አውቃለሁ?

መርዕድ፦ እሺ፣ ይኸው… ሰማህ? ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ይሰነጠቅብኛል። ከዚያ ይሄ የተረገመ ሳል!

ዘርጋው፦ ሰማሁ። ድገመው።

መርዕድ፦ በቃኝ! አዳራሹ ሞልቷል፣ ልጆቼ ከሐዋሳ ድረስ መጥተው ፊት ተቀምጠዋል። ትነፋለህ አትነፋም?

ዘርጋው፦ ስሜን ትጠራለህ አትጠራም?

መርዕድ፦ አልጠራም! ብጠራህስ ማን ያውቅሃል? «ዘርጋው ደግሞ ማነው?» ነው የሚሉት።

ዘርጋው፦ እሺ። እነፋለሁ።

መርዕድ፦ ተባረክ! ድሮስ እምቢ ማለት መቼ ታውቅና። አደራህን፣ ልክ እንደ እኔ አድርገህ።

ዘርጋው፦ አይዞህ፣ ይዤዋለሁ። አሁን እንዳሰማኸኝ ነው የምነፋልህ፤ መሰንጠቁም ሳሉም አይቀርብህም። በል ውጣ፣ እየጠሩህ ነው።